ኑግ የተቀባችው ማሽን

ደብረ ብርሃን ላይ ከጠዋቱ ውርጭ የከፋ ነገር ካለ፣ በዚያ ውርጭ ብረት መንካት ነው። የእኔ ሥራ ደግሞ እሱ ነበር፤ ብረት መንካትና ሌላውን ሰው ብረት እንዲነካ ማስተማር። አዲስ አበባ የቴክኒክ ትምህርት ጨርሼ ወደ አገሬ ስመለስ ዘመዶቼ ጸሐፊ ሆኜ የመጣሁ መስሏቸው ነበር። ቱታ ለብሼ ያየችኝ አንዲት አክስቴ፣ «ይህን ለመሆን ነው እዚያ ድረስ የሄድከው? ቀጥቃጭ እኮ እዚህም ሞልቷል» አለችኝ። ቁጡ ነኝ፣ መልስ ሰጠኋት፤ ያንን መልስ እዚህ አልጽፈውም።

ያኔ ከከተማው ዳር የሱፍ ፋብሪካ ሊቆም መሠረት ተጥሎ ነበር። ግንቡ ወደ ላይ ሲወጣ የከተማው ሰው እየቆመ ያይና፣ «እዚህ ውስጥ የሚገባው ማን ይሆን?» ይባባላል። የሚገቡትን እንዳዘጋጅ የተቀጠርኩት እኔ ነበርኩ። ቀድሞ የእህል መጋዘን የነበረ የቆርቆሮ አዳራሽ ተሰጠኝ፤ ስምንተኛ ክፍል የጨረሱ ጥቂት ወጣቶች ተሰጡኝ፤ ለመለማመጃ የምትሆን አንዲት ያገለገለች የሽመና ማሽንም ተሰጠችኝ።

ስለዚች ማሽን ትንሽ ልናገር። እንደ አገራችን ሸማኔ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ በእግሩ የሚረግጣት ሰው አትፈልግም። ሞተሩ ከተነሳ መወርወሪያውን ራሷ ትወረውራለች፤ ማጉንም ራሷ ገፍታ ታጠብቃለች። ከሁሉ የሚደንቀው ግን አንድ ድር ሲበጠስ ራሷ መቆሟ ነው። በእያንዳንዱ ድር ላይ ቀጭን የብረት ምላስ ተንጠልጥላለች። ድሩ ሲበጠስ ምላሷ ትወድቃለች፣ ምላሷ ስትወድቅ ማሽኗ ቀጥ ትላለች። ሠራተኛው የተበጠሰውን ቋጥሮ መልሶ ያስነሳታል። ይህን መጀመሪያ ያሳየኋቸው ቀን ከልጆቹ አንደኛው፣ «ከብዙ ሰው ትሻላለች። ስትሳሳት ታውቃለች» አለ። ሳቅን። በዚያ አዳራሽ ውስጥ ከልብ የሳቅንባቸው ቀኖች ጥቂት ስለነበሩ አልረሳውም።

የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ፈረንጅ ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ክፉ ቢሆን ኖሮ አሁን የምጠላው ሰው አገኝ ነበር። አንድ ቀን አዳራሹን ጎበኘና በአስተርጓሚው በኩል እንዲህ አለኝ፤ «በሁዳዴ አጋማሽ፣ ከደብረ ዘይት በኋላ ባለው ሳምንት እመጣለሁ። ልጆችህ ያለ አንተ እርዳታ ማሽኗን ከጠዋት እስከ ማታ ያሠሯት። ከሠራች ሁሉንም በቴክኒሻንነት እቀጥራቸዋለሁ። ካልሠራች ባለሙያ ከውጭ አመጣለሁ፤ እነሱም ከፈለጉ ሱፍ ይሸከማሉ።»

ነገሩ ይኸው ነበር። ቴክኒሻን ወይም ተሸካሚ። ልጆቹ ይህን ከሰሙ በኋላ በጠዋት ተነሱ ማለት ቀረልኝ፤ እኔ ስደርስ እነሱ በሩ ላይ እየተንቀጠቀጡ ይጠብቁኛል።

ከሁሉም የሚበልጠው የአንኮበሩ ልጅ ነበር። ልጅ እላለሁ እንጂ ሃያ ዓመት ያለፈው፣ ጢም ያበቀለ ወጣት ነው። ዲያቆን ነበር፤ አባቱ አንኮበር ላይ ቄስም መሪጌታም ናቸው። ከልጅነቱ ዜማ ሲማር ስላደገ ጆሮው ሌላ ነው። እኔ ሞተሩን ከፍቼ የማገኘውን ጉድለት እሱ በር ላይ ቆሞ ይሰማዋል። «ጋሼ፣ ዛሬ በግራ በኩል ዜማዋን ስታለች» ይለኛል። ሄጄ ሳይ አንድ ቡሎን ላልቶ አገኛለሁ። በሳምንቱ ቀናት ከእኔ ጋር ይውላል፣ እሑድና በበዓል ቀን ደግሞ ከተማው ውስጥ ካለ አንድ ቤተ ክርስቲያን ይቀድሳል።

ከጾሙ በፊት አባቱ በበቅሎ መጥተው ነበር። ነጭ ጥምጥማቸውን እንደጠመጠሙ አዳራሹ መካከል ቆሙና የልጃቸውን የጠቆረ ቱታ ከላይ እስከ ታች አዩት።

«ልጄ፣ አገሬ ላይ ምን እንደሚሉኝ ታውቃለህ?» አሉኝ። «መሪጌታ ልጁን ለጠይብ ሰጠው ይሉኛል።»

«አባ፣ ይህ ጠይብነት አይደለም፣ ትምህርት ነው» አልኳቸው።

«እሱም እንደዚሁ ይለኛል። እኔ ግን ቅስናውን እንዳይተው ነው የምፈራው።»

ልጁ ቀና ብሎ፣ «አልተውም አባቴ። በሥራ ቀን ፋብሪካ እውላለሁ፣ በሰንበት እቀድሳለሁ። ሳገባም እቀስሳለሁ» አለ። ሽማግሌው ማሽኗን በመስቀላቸው ባረኳት። የባረኩት ልጃቸውን እንጂ ማሽኗን እንዳልሆነ ገብቶኛል፤ ቢሆንም ደስ አለኝ።

ጾሙ ሲገባ ወሬው መጣ። ከየት እንደመጣ እስከ ዛሬ አላውቅም። አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ጠጅ ቤት ተናገረው የሚሉ አሉ። ወሬው ይህ ነው፤ ለማሽን የሚቀባው ግራሶ የአሳማ ስብ ነው።

እዚህ ላይ የግራሶን ነገር ያላየ ሰው አይፈርድም። በደብረ ብርሃን ብርድ ግራሶ እንደ ሻማ ይደርቃል፤ እንዲላላ በእሳት ዳር ያስቀምጡታል፤ በእጅ ካልሆነም የሚገባው ቦታ አይገባም። አንዴ እጅ ላይ ከያዘ በዚያ በረዶ ውሃ አይለቅም። ልጆቹ በአመድ ይፈትጉታል፣ በእንዶድ ያሹታል፤ ጥፍራቸው ሥር ጥቁሩ ይቀራል። በዚያ እጅ ቆሎ ይዘግናሉ፣ በዚያ እጅ እንጀራ ይቆርሳሉ። ዲያቆኑ ደግሞ በዚያ እጅ ጽዋ ይይዛል።

ከተማሪዎቹ አንዱ ከአሊዩ አምባ የመጣ ሙስሊም ነበር። በብዙ ነገር ከሌሎቹ ጋር ሲከራከር የሚውል ሰው በዚህ ብቻ ከጎናቸው ቆመ። «ጋሼ፣ ሐራም ከሆነ እኛም አንነካውም» አለኝ። ክርስቲያንና እስላም እንዲህ ተስማምተው ሳይ ሌላ ጊዜ ቢሆን ኖሮ ደስ ይለኝ ነበር።

ተቆጣሁ። «ይህ ነገር ከመሬት ሥር የወጣ ነው፤ እንደ ላምባ ያለ ነው። አሳማ የሚባል ነገር ደብረ ብርሃን ላይ አይታችሁ ታውቃላችሁ?» አልኳቸው።

«እሺ ጋሼ» አሉኝ ሁሉም ባንድ አፍ።

እሺ ይበልጣል ከሺህ የሚለውን ተረት ያወጣ ሰው አስተምሮ አያውቅም። ሐበሻ አንገቱን ደፍቶ በለሰለሰ ድምፅ እሺ ካለ ነገሩ አልቋል፤ የሚያደርገውን በልቡ ወስኗል ማለት ነው። እኔም ሐበሻ ነኝ፣ ይህን አውቀዋለሁ። ግን ፈተናው ደርሶ መለዋወጫና የሱፍ ፈትል ለማምጣት አዲስ አበባ መሄድ ነበረብኝ፤ እዚያም ከቢሮ ቢሮ ሲያንከራትቱኝ ከሳምንት በላይ ቆየሁ።

እኔ በሌለሁበት አባትየው ለልጃቸው ስንቅ ይዘው መጡ። ከስንቁ ጋር አንድ ትልቅ ቅል የኑግ ዘይት ነበረበት። ኑጉ ከቆላ የመጣ ነው፤ እናቱ ቆልታ፣ ወቅጣ፣ በሙቅ ውሃ አሽታ ያወጣችው የጾም ዘይት፣ ለልጇ ማዕድ የላከችው። ዲያቆኑ ያንን ቅል አየና አሰበ። ከኑግ የነጻ ምን አለ? በሁዳዴ የሚበላ፣ ከካህን ቤት የመጣ፣ አባቱ የባረኩት። ለጓደኞቹ ነገራቸው፣ ሁሉም ተስማሙ። የማሽኗን ግራሶ በላምባ አጥበው ጨረሱት። ከዚያ በኑግ ዘይት ቀቧት።

ተንኮል አልነበረበትም። ስንፍናም አልነበረበትም፤ ማሽኗን እንደዚያ ወደዋትና ተጠንቅቀውላት አያውቁም። ግራሶውን ሲጸየፉት እኔ ያዘዝኳቸውን ቦታ ብቻ በፍጥነት ነካ አድርገው እጃቸውን ይሰበስቡ ነበር። አሁን ግን በእጃቸው የያዙት ንጹሕ ነገር ነው። ስለዚህ የሚቀባውንም የማይቀባውንም ቀቡት። ዝገት እንዳይነካቸው ብለው እነዚያን ቀጫጭን የብረት ምላሶች አንድ በአንድ በኑግ በተነከረ ጨርቅ ወለወሏቸው። ምላሶቹ ደግሞ ደረቅ መሆን የሚገባቸው ናቸው። አስነስተው ሞከሯት፣ ከዱሮው ይልቅ ለስልሳ ሠራች። ዲያቆኑ ጆሮውን ሰጥቶ አዳመጠና፣ «እንዲህ ዘምራ አታውቅም» አለ አሉ። ከዚያ ኃይል ለሚሰጣት ጄኔሬተር የሚሆን ነዳጅ ለፈተናው ቀን ይትረፍ ብለው አጠፏት፤ ማሽኗ በዚያ ብርድ ብዙ ቀን ቆመች።

ኑግ ሲቆም ምን እንደሚሆን ሴቶቻችን ሁሉ ያውቃሉ። ዘይት የነካው ድስት ሳይታጠብ ሲከርም ዳሩ ላይ ሙጫ ይይዛል፣ በጥፍር እንኳ አይለቅም።

የተመለስኩት የፈተናው ዋዜማ ነበር። ማሽኗን ሳያት አበራች፤ እንደዚያ ጸድታ አይቻት አላውቅም። የጾም ወጥ ሽታ ሸተተኝ፣ ምሳቸውን እዚያው የበሉ መሰለኝ። ልጆቹ ተሰልፈው ቆመው ፊቴን ያያሉ። «ጎበዞች» አልኳቸው። ያን ቃል ከእኔ ስለማይሰሙት እርስ በርሳቸው ተያዩ።

በማግሥቱ ሥራ አስኪያጁ ከአስተርጓሚውና ከአንድ የፈረንጅ መካኒክ ጋር መጣ። እኔ ወንበር ተሰጥቶኝ ከግድግዳው ጥግ እንድቀመጥ፣ አንድም ቃል እንዳልናገር ተነገረኝ። ማሽኗ ስትነሳ ትንሽ አንገራገረች፣ ከዚያ ሠራች። ጠዋቱን ሙሉ ሠራች። የተሸመነው ጨርቅ እየተጠቀለለ ሲመጣ ሥራ አስኪያጁ በእጁ ዳሰሰው፣ ራሱን ነቀነቀ። እኔ በወንበሬ ላይ ሆኜ አክስቴን አሰብኳት። ነገ ቤቷ ሄጄ የምነግራትን እያሰናዳሁ ነበር።

ከእኩለ ቀን በፊት አንድ ድር ተበጠሰ። ማሽኗን የማሠራት ተራ የዲያቆኑ ነበር። ድሩን አየው፤ እኔም ከወንበሬ አየሁት። ደስ አለው፤ ማሽኗ ራሷን ስታቆም ለፈረንጆቹ የሚያሳይበት ጊዜ መጣ። እጆቹን ወደ ኋላ አድርጎ እንድትቆም ጠበቃት። አልቆመችም። ምላሷ ሙጫ ይዟት ከነበረችበት አልወደቀችም። የተበጠሰው ድር ከጎረቤቱ ጋር ተጠላለፈ፣ ያኛውም ሁለተኛውን በጠሰ፤ እነሱም ምላሳቸው አልወደቀም። ጨርቁ መካከል ቋጠሮ ማበጥ ጀመረ። መወርወሪያው በዚያ ሲያልፍ ድምፅዋ ተለወጠ። የዲያቆኑ ፊት ሲለወጥም አየሁት።

ማጥፊያው በአጠገቡ ነበር። እጁ ግን ወደ ማጥፊያው አልሄደም፤ ወደ ቋጠሮው ሄደ። ለምን እንደሆነ ብዙ ዓመት አስቤበታለሁ። ድር ሲበጠስ እጁን ወደ ድሩ መስደድ ነው የለመደው፤ እስከዚያ ቀን ድረስ እጁ በደረሰ ጊዜ ሁሉ እሷ ቆማ ነበር የምትጠብቀው። አምኗታል። «አጥፋት» ብዬ ተነሳሁ። ማጉን እየገፋ የሚያጠብቀው ብረት ከእኔ ድምፅ ቀደመ።

የቀኝ እጁ ሌባ ጣትና መሃል ጣት ሄዱ። ከዚያ በኋላ ያለውን አልጽፍም። ማሽኗን ያጠፋት የአሊዩ አምባው ልጅ ነበር፤ ቁስሉን በነጠላው ሲያስር እያለቀሰ «ጋሼ፣ ኑግ ነው፣ ኑግ ነው» ይለኝ ነበር። ምን እያለኝ እንደሆነ የገባኝ ማምሻውን ነው።

ሥራ አስኪያጁ አዝኗል። የልጁን ጉዳት አይቶ እንዲታከም አዘዘ። በሦስተኛው ቀን ደግሞ አስጠራኝና ውሳኔውን ነገረኝ፤ ቴክኒሻኖች ከውጭ ይመጣሉ፣ ልጆቹ ከፈለጉ ሱፍ ይሸከማሉ፣ አዳራሹም ይዘጋል። እንድለምነው የጠበቀ ይመስላል። አልለመንኩትም። ምን ብዬ? በዚያ ቀን የተሰማኝን ተስፋ መቁረጥ ከዚያ ወዲህ ተሸክሜው ኖሬያለሁ፤ አልቀለለኝም።

የፈረንጁ መካኒክ ማሽኗን ፈትቶ ሊወስዳት ሲመጣ አዳራሹ ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ። ምላሶቹን በላምባ እየነከረ ሲያጥብ፣ በሰባራ እንግሊዝኛዬ ያንን የግራሶ ጣሳ አሳየሁትና ከምን እንደሚሠራ ጠየቅሁት።

«ከመሬት ከሚወጣ ዘይት» አለኝ።

አያችሁ ብዬ ልጆቹን በልቤ ወቀስኩ። እሱ ግን አልጨረሰም።

«ዘይቱ እንዲወፍር ሳሙና ይገባበታል። ሳሙናውን ከስብ ነው የሚያፈሉት።»

«ከምን ስብ?»

ትከሻውን ነቀነቀ። «ከተገኘው። ከከብት፣ ከአሳማ። ለማሽኗ ልዩነት የለውም።»

ጣሳውን መልሼ አስቀመጥኩት። እጄን በሱሪዬ ጠረግሁት፤ ለምን እንደጠረግሁት አላውቅም።

የከተማው ሰው ያለ ተረት አይፈርድም። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» አሉ ስለ ዲያቆኑ። ፋብሪካ አማረውና ቅስናው አመለጠው ማለታቸው ነው፤ አካሉ የጎደለ አይቀስስም ይባላል። ጠላ ቤት ይህን ሲተርት የሰማሁትን ሰው ልመታው ተነስቼ ነበር፣ ሰው ያዘኝ። ያ ልጅ የቆጡንም የብብቱንም አልተመኘም። እጁን ለጽዋው ንጹሕ ሊያደርግ ብሎ ነው እጁን ያጣው።

አባቱ ሊወስዱት የመጡ ቀን አዳራሹ በር ላይ አገኘኋቸው። ልጁ እጁ በፋሻ ተጠቅልሎ በቅሎዋ አጠገብ ቆሟል። ሽማግሌው ሰላምታ ሰጡኝ፣ አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ ልጄ» አሉኝ። «እውነቱን ንገረኝ። ያ ነገር የአሳማ ነበረ?»

የለም ብላቸው ልጃቸው ጣቱን ያጣው በጠጅ ቤት ወሬ ነው ማለት ነው። ነው ብላቸው ደግሞ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በዚያ እጅ ጽዋ ይዟል። የቱ እንደሚሻላቸው አላወቅሁም፤ የሰማሁትን ነገርኳቸው።

«ሊኖርበት ይችላል አባ። በርግጥ የሚያውቅ የለም።»

ሽማግሌው አማተቡ። ፊታቸው ላይ አንድ ነገር ሲላላ አየሁ። «እንግዲያ ልጄ አልተሳሳተም» አሉ። ወደ ልጃቸው ዞረው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ደገሙለት። «ሰማህ? አልተሳሳትክም።»

እኚህ አባት ከደረሰባቸው ሁሉ ይዘው የሚሄዱት መጽናኛ ይኸው ብቻ እንደሆነ ገባኝ።

ልጁ አባቱን እሺ አላቸው። ከዚያ ወደ እኔ ቀረብ ብሎ፣ አባቱ እንዳይሰሙት አድርጎ ጠየቀኝ።

«ጋሼ፣ ተኝቼ ሳስበው ነበር። ሞተሩ ውስጥ ያለው ኑግ ያን ቀን ምንም አላደረጋትም፣ ጠዋቱን ሙሉ ሠርታለች። ያበላሸናት ምላሶቹን ስንቀባ ነው። እነሱን ደረቅ ብንተዋቸው ኖሮ ትቆም ነበር፣ አይደል?»

መካኒኩ ማሽኗን ፈትቶ ያገኘውን እሱ ዓይኑን ጨፍኖ አልጋ ላይ ሆኖ አግኝቶታል። በሕይወቴ ያስተማርኩት አንድ ቴክኒሻን ቢኖር እሱ ነው፤ ፈተናውን ያለፈውም ያን ጊዜ፣ በቅሎዋ አጠገብ ቆሞ ነው።

«ትቆም ነበር» አልኩት።

ትክክል ያልኩት ጊዜ እንደሚያደርገው ራሱን ነቀነቀ። ቀኝ እጁን በልማዱ ወደ ኮርቻው ሰደደና መልሶ ሰበሰበው፤ አባቱ ደግፈው አወጡት። ባዶውን ቅል ኮርቻው ላይ አንጠልጥለው በአንኮበር መንገድ ሄዱ። እኔ ወደ አዳራሹ ገባሁ። ማሽኗ የነበረችበት ቦታ ባዶ ነበር፤ ከግድግዳው ሥር የግራሶው ጣሳ ሳይጋመስ ተቀምጧል።